ደንገል

ማታ ማታ አባቴ ታንኳውን ይስባል፣
በትከሻው ጭኖ እስከ ደጅ ያመጣል፣
ከግንቡ አስደግፎ ቀጥ አርጎ ያቆማል፤
ጠብ ጠብ ይላል ውሃው፣ እንቅልፌን ያጅባል።
«ሐይቅ ላይ ያደረ ደንገል ይበሰብሳል፣
የብስ ላይ የከረመ ለምድጃ ይሆናል፤
ታንኳ ሁለቱን ነው» ብሎ ፂሙን ያሻል።

ስለ እኔ አልነበረም።
ስለ እኔ አያውቅም፤ ስለ ታንኳ ያውቃል።

ሸራ ሰፊ ነኝ፣ ለዘጌ ጀልባዎች ጥላ እቀዳለሁ፣
ሰም በጠጣ ክር፣ በወፍራም መርፌ።
ባሌ ይሁኔ ባጃጁን ከፔዳ ጊዮርጊስ ሲመላለስ ያመሻል፤
ልጃችን ጥርስ እያወጣች ነው፣ ያገኘችውን ትነክሳለች።
የሽምብጥ ሰው ቀለበቴን ያያል፣
«እሰይ፣ ገባች» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

ከይሁኔ በፊት አትጠገብ ነበረች።
ስሟ ነው፤ እናቷ አውቃ ነው ያወጣች።
ሁለተኛ ዓመት፣ ፔዳ ግቢ፣ ሰኔ፣
አንድ ጃንጥላ ሥር እሷና እኔ፤
ጫማዋ ውሃ ያስገባል፣
በረገጠች ቁጥር እንደ እንቁራሪት ይጮሃል፣
እሷ ትስቃለች።
ያኔ ነው ያወቅኩት።
ይሁኔንም ያወቅኩት እንደዚያው ነው፤
ባጃጁ ጭቃ ውጦት ሲገፋ፣ ወድቆ ሲስቅ።
ልቤ እንደ ኬላ ፈታሽ «መታወቂያ!» አይልም፤
የሳቀለትን ያሳልፋል።

ባለፈው እሁድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣
ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ «እነዚያ» አለ፤
ሳቁ እስከ ጓዳ ደረሰ።
እትዬ ዘርትሁን ጭልፋዋን አንስታ፣
«ከነዚያም የባሰው ‹እሱም እሷም› ባዩ!
ሁለት እግር አለኝ ተብሎ
ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለች።
እኔ ሳህን አቀበልኩ።
የሳቅኩም ይመስለኛል።

እትዬ፣ ሁለት ዛፍ መች ወጣሁ?
አንዱን ወጣሁ፣ ፍሬም ሰጠኝ፣
ጎጆዬም እዚያው ነው።
ሌላም ዛፍ እንደነበር፣ ቅጠሉም እንደሚያምር
ዓይኔን ጨፍኜ አልምልም፤
ይኸው ነው ጥፋቴ።

አትጠገብም ብትሆን፣ የተለያየን ቀን፣
«አንቺ ሁለት በር አለሽ፤ የኔ አንድ ነው፣
እሱም ከውጭ ተቆልፏል» አለችኝ።
እውነቷን ነው።
ግን ሁለት በር ያለው ቤት
ሌሊት ንፋሱ በሁለቱም ይገባል።

ዓባይ ጣናን አቋርጦ ሳይቀላቀል ያልፋል ይባላል፤
መስመሩን በዓይኑ ያየ አለ ይባላል።
እኔ ሸራ ልለካ ጀልባ ላይ ስወጣ
ስንቴ አጎንብሼ ፈልጌ አጣሁት።
እጄን ነከርኩት።
የቱ ነው ወንዙ? የቱ ነው ሐይቁ?
እጄ ብቻ ረጠበ።

ተቀብለውኛል፣ አልዋሽም።
እድር መዝገብ ላይ ስሜ አለ፣ ብታመም ይጠይቁኛል፣
ብሞት ያለቅሱልኛል፤
ለግማሼ። በቀለበቱ በኩል ላለው።
ሌላው ግማሼ እምቦጭ ነው፤ ብቅ ካለ
መንደሩ ማጭድ ይዞ ለነቀላ ይወጣል።

ይሁኔ ያውቃል። ከሠርጉ በፊት ነግሬዋለሁ።
አምስት ዓመት ሙሉ፣ ነገሩ ከተነሳ፣
«ያቺ ልጅ» ይል ነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
የበሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ደጅ ተቀምጠን
እግሩን እያሻሸ፣
«አትጠገብ ደህና ናት?» አለኝ።
በሙሉ ድምፁ።
የጎረቤት ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፣
የእትዬ ዘርትሁን ሳል ለእኛ ይሰማል፣
የእኛም ለሷ።
«እንጃ» አልኩ፣ «ጎንደር ናት መሰለኝ።»
«ጥሪያት» አላለም። ያን ያህል አይደለም።
ዝም አለ፤ ትንኝ ገደለ፤ ቆይቶ፣
«ያን ጫማ ቀየረችው ይሆን?»

መሳቅ ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ፣
ልጅቷ ነቅታ አለቀሰች።
ከግንቡ በኩል የአባቴ ታንኳ
ጠብ...
ቆይቶ ደግሞ ጠብ።